ባለ ዘጠኝ ቅጠሉ ዳንቴል

መስከረም 20

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ፣ ለቁንጥንጧ፤

አለሽ ወይ የኔ እህት? ጉልበትሽስ? የዚያ የሆቴል ምድር ቤት ቅዝቃዜ ለቀቀው ወይስ አሁንም አንሶላ ስታጥፊ መሀል ላይ እየቆምሽ ታሺዋለሽ? ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ፣ ደግ ደጉን ሰው ያጋጥምሽ። እኛ ደህና ነን። ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ነው፤ እስካሁን ያገኘችው ሥራ እኔን መቆጣት ብቻ ነው። እኔም ያው ልብስ ስፌት ቤት ነኝ፣ የሰው ሸሚዝ የቁልፍ ቀዳዳ ስሠራ እውላለሁ።

አክስታችን ዳንቴሉ ያለ ደብዳቤ እንዳይላክ ያለችውን ይዤ ይኸው አብሬ ልኬዋለሁ። የእኔን ሁለት ዙር ጨርሻለሁ። አሁን ያንቺ ሁለት ዙር ነው የቀረው። ከዚያ የመጨረሻው፣ የጫፉ ዙር፣ የእኔ ነው። አክስታችን የጫፉን አሠራር ያሳየችው ለእኔ ብቻ ነው ብለሽ አትቀየሚ፤ አንቺ ያኔ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ቢሆንልሽ ኖሮ ቁንጥንጥ አትባዪም ነበር። መሀሉን፣ ዘጠኙን ቅጠል፣ ለዕረፍት በመጣሽ ጊዜ በእጇ ሠርታ ስትሰጠን ምን እንዳለች ታስታውሻለሽ፤ እየተቀባበላችሁ ጨርሱት፣ አንዳችሁ ለብቻችሁ እንዳትጨርሱት ነው ያለችው። እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት፣ ዳንቴሉ ግን አምስት ዓመት ሙሉ በፖስታ ሲመላለስ ከእኔ ይልቅ እሱ ዓለምን አይቷል።

ዘንድሮ እንዲያልቅ እፈልጋለሁ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። በአክስታችን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ ላየው ነው።

አሁን ደግሞ ዋናው ወሬ። ስፌት ቤት ያለችው ልጅ ከስልኳ አንብባ ነገረችኝ። ያ በእኛ ቋንቋ ተተርጉሞ ይታይ የነበረው ድራማ ተዋናዮች አንቺ ያለሽበት ከተማ ሊመጡ ነው። በትልቅ አዳራሽ ለሁለት ቀን የአድናቂዎች ጉባኤ አለ፣ ትኬት የቆረጠ ሁሉ ተራውን ጠብቆ እያንዳንዳቸው ፊት ቁጭ ብሎ ያወራል አሉ። እናትየዋን ሆና የምትሠራዋም ትመጣለች! ሦስታችን በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን ስናያት፣ አክስታችን ያንን ተንኮለኛ አማቿን «ውጣ ከቤቷ» እያለች ቴሌቪዥኑ ላይ ነጠላ ጫማ ስትወረውር ትዝ አይልሽም? እንደዚህም ብላ አነበበችልኝ፤ እናትየዋ ቀረጻ እስኪጀመር ስትጠብቅ ዳንቴል ነው የምትሠራው። እኔ ይህን ስሰማ ጭኔን መታሁ።

ሂጂ። ዳንቴሉንም ይዘሽ ሂጂ። ሰልፉ ላይ ትሠሪበታለሽ፣ እሷም ካየችው ታነጋግርሻለች። ፊርማዋን ላኪልኝ። ድምፅዋም ያው እንደ ድሮው ከሆነ ጻፊልኝ።

ያንን ቀጭኑን ነጭ ክርም አትርሺ።

እታለምሽ

ኅዳር 4

ለምወድሽ ለእታለም፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ቤትሽ ሳቅ አይጣ። ልጅሽን ሳሚልኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ምድር ቤቱ ግን ያው ነው፤ አንሶላው ሙቅ ሆኖ ከማድረቂያው ይወጣል፣ እኛ በርዶን እናጥፈዋለን።

እሑድ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩልሽ። አዳራሹ ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤታችን ድረስ ያለውን መንገድ ያህላል። ግማሹ ሰው እንደ ድራማው ለብሶ ነው የመጣው። አንድ ቦርጫም ሰውዬ እንደ ሙሽራው ነጭ ሱፍ ለብሶ፣ ቁልፉ አልገጥም ብሎት በመርፌ ቁልፍ ይዞታል። ከኋላዬ የተሰለፈችው ሴት የእናትየዋን ዓይነት ሻርፕ አድርጋ ገና ሳትደርስ ታለቅሳለች። ሰልፉ ሦስት ሰዓት ፈጀ። እንዳልሽኝ ቆሜ እየሠራሁ ግማሽ ዙር አስኬድኩ።

እታለም፣ እናትየዋ ትንሽ ሴት ናት። በቴሌቪዥን ግድግዳ የምታህለው ከአንቺ ትከሻ አታልፍም። መነጽሯን በክር አንጠልጥላዋለች። ድምፅዋን ጠይቀሽኝ ነበር፤ ያ ድምፅ የእሷ አይደለም። ያ የተርጓሚዋ ኖሯል። የእሷ ቀጭንና ሻካራ ነው፣ ጉንፋን እንደያዘው። ስሰማው ሌላ ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።

መጀመሪያ ቀና ብላም አላየችኝ። ለማን ብዬ ልፈርም አለችኝ፣ የአንቺን ነገርኳት። ከዚያ ዳንቴሉን አየች። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከእጄ ወሰደችና ምን አደረገች መሰለሽ፣ መጀመሪያ ጀርባውን ገለበጠችው! አክስታችን የሰው ሥራ ስታይ እንደምታደርገው። ከፊቱ ሳይሆን ከጀርባው ጀመረች። በጣቷ ከመሀል ወደ ዳር እየሄደች ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦

«ይህን ሦስት ሰው ነው የሠራው።»

እታለም፣ ስለ አክስታችን ነገርኳት። የመሀሉ የእሷ እንደሆነ፣ አንቺ ጠበቅ እንደምታደርጊ፣ እኔ እንደማላላ። ከቦርሳዋ የራሷን አወጣች፣ ግራጫ ክር፣ ገና የመዳፍ ያህል ነው። ብቻዋን ከመጽሐፍ እንደተማረች፣ ማንም እንዳላሳያት ነገረችኝ። ክሩን በትንሿ ጣት ላይ ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ መያዝ እንዴት እንደሚያቀልል አሳየችኝ፣ እኔም አክስታችን ቅጠሉን የምትዘጋበትን አሳየኋት። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው የሚሰጠው፤ እኔን አሥር ያህል አስቀመጠችኝ። አጠገቧ የቆመችው ረዳቷ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ እናትየዋ አትሰማም። እዚህ አገር ዘጠኝ ዓመት ስኖር እጄ ምን እንደሚሠራ የጠየቀኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

ከዚያ ሰልፉ ገፋ፣ ተነሣሁ። ፎቶግራፏን ፈርማበታለች፣ ይኸው። ክሩንም ልኬልሻለሁ። ስለ ዳንቴሉ አታስቢ፣ ደህና ቦታ ነው ያለው።

ቁንጥንጥሽ

ኅዳር 29

ለቁንጥንጧ ለአጎቴ ልጅ፤

ደስታሽን አምላክ እጥፍ ያድርገው፣ እኔን በአንዲት ወረቀት እንዲህ ስታስደስቺኝ አንቺን በምን ያስደስትሽ። ደብዳቤሽን ስፌት ቤት ወስጄ ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችው። ሁሉም መኪናውን አቁሞ ሰማ። ልብስ ሰፊው ራሱ፣ ለሰው ሰላምታ እንኳ ቆጥቦ የሚሰጠው ሰው፣ «ጀርባውን ገለበጠች» የሚለው ጋ ሲደርስ «ይህቺ ሴት ታውቃለች» አለ። ቦርጫሙን ሙሽራ ሁለቴ አስነበቡን። የድምፅዋ ነገር ግን አሳዝኖኛል፤ ያንን ሁሉ ዓመት ያለቀስነው ለተርጓሚዋ ኖሯል ለካ።

እኔ ስፌት ቤት ቦታ ተቀይሬያለሁ። ከቁልፍ ቀዳዳ አንሥተው ካውያ ላይ አድርገውኛል። ወገብሽን ታሳርፊያለሽ አሉኝ። ካውያ ቆሞ የሚሠራ ሆኖ ወገብን እንዴት እንደሚያሳርፍ አልገባኝም።

የላክሽው ክር ጥሩ ነው፣ ግን ሳይ ሳየው ቀጠነብኝ። ፋብሪካው እያጭበረበረ መሰለኝ። ትንሽ ወፈር ያለ ቢገኝ ላኪልኝ። ዳንቴሉን ቶሎ ቶሎ በዪበት። ጠረጴዛውን ከወዲሁ ወልውዬዋለሁ፣ መስኮቱ አጠገብ ብርሃን የሚያገኝበት ቦታ አዙሬዋለሁ፣ እየጠበቀ ነው።

እታለምሽ

ጥር 17

ለእታለም፤

ጤናሽ ይሰንብት። ስለቆየሁ ይቅርታ። አንዷ ታማ የእሷንም ፈረቃ የምሠራው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ዙር ጨርሼ ሁለተኛው ላይ ነኝ፣ ቀስ እያልኩ ነው።

ወፈር ያለውን ክር ልኬልሻለሁ። አብሮ ያለው ካፖርት ለአንቺ ነው፣ መቀሱም ለአንቺ ነው፣ ሻርፑ ለልጅሽ። የራስጌ መብራቱ እንዳይሰበር በካፖርቱ ጠቅልዬዋለሁ።

ሌላ ወሬ የለኝም።

ቁንጥንጥሽ

የካቲት 25

ለአጎቴ ልጅ፤

እንደምነሽ? ከበሽታም ከክፉ ሐሳብም ይሰውርሽ። መስመሬ ከወረቀቱ ቢወጣ አትሳቂብኝ፣ ጠረጴዛው እየተነቃነቀ ነው።

ይህ ሁሉ ዕቃ ምንድነው? ካፖርት አልጠየቅሁሽ፣ መቀስ አልጠየቅሁሽ። ልጄ ካፖርቱን አይታ «አክስቴ ምን ጥፋት አጥፍታ ነው» ብላ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። መብራቱን ግን ወድጄዋለሁ፣ አጠገቡ ተለጥፌ ነው የምውለው።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ሙሽራ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ካውያ አሳረፍኩ። ጠርዙ የቱ ጋ እንደሆነ ሳላየው። ልብስ ሰፊው አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጥቂት ቀን እረፊ አለኝ፣ ጥቂቱ ስንት እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

ወፍራሙ ክርም ቀጠነብኝ። ነጭ ይቅር፣ ሰማያዊ ላኪልኝ፣ ገመድ የሚያህለውን።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ሁለተኛውን ዙር ባትጨርሺውም እንዳለ ላኪው። የአንቺንም እኔ እጨርሳለሁ፣ አክስታችን ብትቆጣም እኔ እጠየቃለሁ። ከሚያዝያ በፊት ይድረስልኝ። ይህን ያህል ለምኜሽ አላውቅም።

እታለም

መጋቢት 30

እታለም፤

ምን ብዬ ሰላምታ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ይህን ወረቀት አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ዳንቴሉ እኔ ጋ የለም።

ያን ቀን፣ እናትየዋ ፊት፣ ልነሣ ስል ዳንቴሉን አጥፋ ደረቷ ላይ አደረገችው። ከኋላዋ ያለው ጠረጴዛ ሰው ባመጣላት ስጦታ ሞልቷል፣ አሻንጉሊት፣ አበባ፣ የተሣለ ምስሏ። ረዳቷ ሣጥኑን ከፍታ ትጠብቃለች። እናትየዋ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ለእኔ ነው?» አለችኝ። ስለ አክስታችን ሞት ስነግራት ለመታሰቢያዋ ይዤላት የመጣሁ መስሏታል። እኔስ? «አይ፣ የእኛ ነው፣ ገና አላለቀም» ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ከኋላዬ ሰልፉ ያያል፣ እሷ እጄን ይዛለች፣ ሰው ፊት ላሳፍራት ነው? አፌ ከፈቃዴ ቀደመኝና «አዎ፣ ለእርስዎ ነው» አልኩ። ረዳቷ ወስዳ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው። ይሉኝታዬ ነው እታለም። የሰው ፊት ፈርቼ የእናንተን ነገር ሰጠሁ።

በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ሰልፉን ሳልይዝ አላስገባ አሉኝ። እንደገና ተሰለፍኩ። ተራዬ ሊደርስ ሃያ ሰው ያህል ሲቀረኝ የዛሬው አበቃ ብለው መጋረጃውን ዘጉ። በማግስቱ ፈቃድ አልነበረኝም። ማክሰኞ አዳራሹ ቢሮ ሄድኩ፣ ሴትዮዋ ስጦታዎቿን ይዛ አገሯ ገብታለች አሉኝ። ሦስት ደብዳቤ ጽፌላታለሁ። አንድ መልስ መጣ። ለአንቺ የላክሁልሽ ዓይነት ፎቶግራፍ ነው። ፊርማው ግን የታተመ ነው።

ይኸው እውነቱ። ዙሩን ጨርሻለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። ካፖርቱም መቀሱም ለዚያ ነበር፣ ልጅሽ አውቃለች።

ያን አሥር ደቂቃ ስለወደድኩት ራሴን ጠላሁት። ይቅር በዪኝ ብዬ ለመጻፍም አፈርኩ። ሰማያዊውን ክር ልኬዋለሁ፣ ከዚህ የሚወፍር የለም አሉኝ።

ቁንጥንጥሽ

ሰኔ 18

ለአጎቴ ልጅ፣ ለቁንጥንጧ፤

ይህን የምትጽፈው ልጄ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ የማልለውን እንዳትጨምርበት አስምያታለሁ። «እንዲህ ልበላት?» ትለኛለች፣ አይ፣ እንዳልኩሽ ጻፊ።

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ስዘገይ ምን ሆና ነው ብለሽ ተጨንቀሻል፤ ትንሽ ተጨነቂ ብዬ ነው የተውኩሽ። እውነት ከተባለ ይኸው የእኔም።

ዓይኔ ሄዷል። አምና ክረምት ላይ ነው የጀመረው። ሐኪሙ በመድኃኒት ይዘገያል እንጂ አይመለስም አለኝ፣ ዓመት ብትሞይበት ዕድለኛ ነሽ አለኝ። መስከረም ላይ ዳንቴሉን ስልክልሽ የራሴን ሁለት ዙር የሠራሁት መስኮት ላይ ተሰቅዬ ነው። ቶሎ በዪ ያልኩሽ ለዚያ ነው። ክሩ አልቀጠነም፣ ጠረጴዛውም አይነቃነቅም። ላንቺ ያልነገርኩሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ብዬ ነው። ደግሞም ከተነገረ በኋላ እውነት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። አሁን ብርሃንና ጥላ እለያለሁ። ልጄ በር ላይ ስትቆም መምጣቷን አውቃለሁ፣ ፊቷን ግን ከትዝታዬ ነው የምሞላው።

ደብዳቤሽ ሲነበብልኝ ጮህኩ። ጎረቤት መጣ። ለሦስት ሳምንት ስምሽ ቤቴ ውስጥ እንዳይነሣ አልኩ። ካፖርቱንም ከሰቀልኩበት አወረድኩት፤ ከዚያ በረደኝና መልሼ ለበስኩት።

ስለሰጠሻት አይደለም የተቀየምኩት፣ ይህን እወቂ። ያ ሁሉ ሰው እያየሽ፣ ያች ሴት እጅሽን ይዛ፣ እኔም ብሆን «አዎ፣ ለእርስዎ ነው» እል ነበር፤ ከአንድ ቤት ነው የወጣነው። ይዘሽው ሂጂ ያልኩሽም እኔ ነኝ። የተቀየምኩት እየሠራሁ ነው ስላልሽኝ ነው። ኅዳር ላይ ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ ያኔ ገና ዓይኔ ያይ ነበር። ተናድጄም ቢሆን በማግስቱ አዲስ መሀል እጀምር ነበር። የጫፉንም ዙር ለልጄ እያሳየሁ እሠራው ነበር። ያንን አምስት ወር መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ የማይመጣ ዕቃ ስጠብቅበት አለቀ። እኔም ዓይኔን ነግሬሽ ቢሆን አንቺ አትዋሺኝም ነበር። አንቺ ለእኔ አዝነሽ፣ እኔ ለአንቺ አዝኜ፣ ተዛዝነን ተዛዝነን ጊዜውን በላነው።

ልጄ አቁሚ ትለኛለች፣ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ወድቆ ከሆነ የእሷ ነው፣ የእኔ አይደለም።

ስለ ሴትዮዋ ሳስበው ቆየሁ። መጀመሪያ ጀርባውን ገለበጠች አይደል ያልሽኝ? እንግዲያው ምን እንደያዘች ታውቃለች። ማንም ሳያሳያት ከመጽሐፍ ለተማረች ሴት የአክስታችንን እጅ እያየች መማሪያ ይሆናታል። እሷ ጋ ይቆይ። ከእንግዲህ ደብዳቤ አትጻፊላት፣ የታተመ ፊርማ ደግሞ እንዳይመጣልሽ።

አሁን ወደ ሥራችን። ሰማያዊው ክር ደርሶኛል። መርከብ የሚያስሩበት ነው የላክሽልኝ፣ ግን ጣቴ ያገኘዋል። ግንቦት ሙሉ እየፈታሁ እየሠራሁ መሀሉን ሠራሁ። ቅጠሎቹ እንደ አክስታችን አይደሉም፣ አንዳንዱ ወፍሯል፣ አንዱ የዞረ ጆሮ ይመስላል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ሁለት ዙር ጨምሪበትና መልሺልኝ፣ ሁለት ዙር ጨምሬ እመልስልሻለሁ። ሲያልቅ አላየውም፣ ግን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ ማየት ያለበት ሰው ያየዋል። የጫፉን ዙር ደግሞ ልጄ ከእጄ ሥር ሆና እየተማረች ነው፤ ከአንቺ ትሻላለች፣ ቁጭ ትላለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቅጠሎቹ ስንት እንደሆኑ ሳስቆጥራት ልጄ ዘጠኝ ነው አለችኝ። እጄ ግን አሥር ይለኛል። ደጋግሜ ዳሰስኩት፣ አሥር ይለኛል። ይህንን ስትጽፍ ድምፅዋ ጠፍቷል። ሲደርስሽ እንዳትፈቺው፣ እንዳታስተካክዪው። ቁጠሪውና እውነቱን ጻፊልኝ።

እታለምሽ